ዶክተር ሜራብና በጆርጂያ ስም የተሰየመው መድኃኒት ቤት

በታሪክ አጥኚዎች ዘንድ ዶክተር ሜራብ በሚል ስም የሚታወቀው ፔትሬ ሜራቢሽቪሊ እ.ኤ.አ. በ1876 በጆርጂያ ተወለደ። በፓሪስ ሕክምና ተምሮ አዲስ አበባ የደረሰው ዳግማዊ ምኒልክ በሕመም በተዳከሙባቸው የመጨረሻ ዓመታት ሲሆን፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ሐኪሞች አንዱ ለመሆን በቃ። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በከተማዋ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መድኃኒት ቤቶች አንዱን ከፍቶ በትውልድ አገሩ ስም ሰየመው። ጆርጂያ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረችና፣ ስያሜው ከናፍቆት ያለፈ ትርጉም የነበረው ይመስለኛል።

ለእኛ የጥናት ዘርፍ ግን ከሸጠው መድኃኒት ይልቅ የጻፈው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ሕክምና አንድ መጽሐፍ፣ ከ1921 ጀምሮ ደግሞ ስለ አገሪቱ ሦስት ቅጾች በፈረንሳይኛ አሳተመ። ይሁንና ዋና የምልከታ ቦታው አዲስ አበባ ነበረች። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር የባህል ሕክምናን የሚያጠና ሰው የሜራብን ምስክርነት ለጎጃም እንዳለ ሊወስደው አይገባም፤ የኮሶ አወሳሰድ እንኳ ከአካባቢው አዛውንቶች ተጠይቆ ከጽሑፉ ጋር መነጻጸር ይኖርበታል። ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1930 ሲያርፍ፣ የመጨረሻው ቅጽ ከታተመ ገና አንድ ዓመቱ ነበር።