የብርሃን ባለ እጅ፤ የማርዮ ባቫ የሕይወት ታሪክ

ቄራ ሠፈር ያደገ ሰው ደም አይቶ አይደነግጥም። የሠፈሩ ስም ራሱ ከከብት ማረጃው የመጣ ነውና፣ በሬ ሲነዳ፣ ሥጋ ሲጫን፣ አሞራ በሰማይ ሲያንዣብብ ማየት ለሠፈሩ ልጅ ከሕፃንነቱ የለመደው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ማታ አንድ የቆየ የኢጣልያ ፊልም ሲያይ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ትንሽ ልጅ ከውጭ ሆና መዳፏን በመስኮቱ መስታወት ላይ ስታሳርፍ የተመለከተ እንደ ሆነ፣ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ይስባል። የበሬ ደም ያላስፈራው ሰው በአንዲት ሕፃን መዳፍ ስለ ምን ይፈራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የፊልሙን ሠሪ የማርዮ ባቫን ሕይወት መመርመር ይጠቅማልና፣ የዚህ መጽሔት አንባብያን ያውቁት ዘንድ ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። ከአንድ ቦታ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማርዮ ባቫ የተወለደው በ1914 በኢጣልያ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሳንሬሞ ከተማ ነው። አባቱ ኤውጄንዮ ባቫ አስቀድሞ ቅርጽ ቀራጭ ነበረ፤ በኋላ ግን ሲኒማ ገና ድምፅ ባልነበረው ዘመን ወደዚሁ አዲስ ሥራ ገብቶ ፊልም አንሺና የዓይን ማታለያ ብልኃት ዐዋቂ ሆነ። ልጁ ሠዓሊ ለመሆን ይመኝ ነበር። ነገር ግን በሥዕል እንጀራ መብላት አስቸጋሪ ስለ ሆነ የአባቱን ሙያ ያዘ። የሥዕል ፍቅሩ ግን አልጠፋም፤ ኋላ እንደምናየው ቡርሹን በመብራት ለወጠው እንጂ።

ወጣቱ ባቫ ሥራ የተማረው አባቱ ይሠራበት በነበረው፣ ሮማ በሚገኘው ሉቼ በተባለው የመንግሥት የፊልም ድርጅት ውስጥ ረዳት ሆኖ ነው። ይህ ስም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ሉቼ የሙሶሊኒ መንግሥት ልሳን ነበር፤ በ1935 አገራችን በተወረረች ጊዜ ፊልም አንሺዎችን ከጦሩ ጋራ ልኮ፣ ወረራውን እንደ ሥልጣኔ፣ ግፉን እንደ በጎ ሥራ አድርጎ በኢጣልያ ሲኒማ ቤቶች አሳይቷል። በሕዝባችን ላይ የወረደው የመርዝ ጢስ በዚያ ፊልም አልታየም። እንግዲህ አንድ ወዳጃችን እንዲህ ካለው ቤት የወጣን ሰው ማመስገን ይገባልን? ብሎ ቢጠይቀን አንቀየመውም። የምንመልስለት ግን ይህን ነው። በዚያ ቤት ካሜራው እውነት ነኝ እያለ ዋሸ፤ ባቫ በኋላ በሠራቸው ፊልሞች ግን ሕልም ነኝ ብሎ ሕልም አሳየ። ተመልካች ሊጠነቀቀው የሚገባው የፊተኛውን ነው።

በ1939 ባቫ ኋላ ዝናው ዓለምን ከመላው ከሮቤርቶ ሮሴሊኒ ጋራ አንድ አጭር ፊልም አነሣ። ከዚያም ወዲህ ሃያ ዓመት ያህል በፊልም አንሺነት ለሌሎች አዘጋጆች ሲያገለግል ኖረ። አንድ አዘጋጅ ሥራውን አቋርጦ ቢሄድ፣ ወይም ገንዘብና ጊዜ ቢያልቅ፣ ባለ ገንዘቦቹ የሚጠሩት እርሱን ነበር። በ1957 ለሕዝብ የቀረበውና ድምፅ ካላቸው የኢጣልያ አስፈሪ ፊልሞች የመጀመሪያው ተብሎ የሚቆጠረው «ደም መጣጮቹ» እንዲህ ያለ ነው። አዘጋጁ ሪካርዶ ፍሬዳ ሳይጨርሰው ስለ ሄደ፣ የቀረውን ባቫ በጥቂት ቀን ፈጸመው። በዚያ ፊልም ውስጥ የአንዲት ቆንጆ ሴት ፊት በተመልካቹ ዓይን ሥር ያረጃል። ብልኃቱ ቀላል ነው። በቀይ ቀለም የተሣለ መጨማደድ ቀይ መብራት ሲበራበት አይታይም፤ መብራቱ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቀለም ሲለወጥ ግን እየጠቆረ ይወጣል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ የመብራቱን መለወጥ ማንም አያውቅበትም።

በ1959 የማራቶንን ጦርነት የሚያሳይ ፊልም እንዲሁ ተበላሽቶ ሳለ ባቫ ስላዳነው፣ ኩባንያው ውለታውን ለመክፈል የራሱን ፊልም እንዲሠራ ፈቀደለት። እርሱም የሩሲያዊውን ደራሲ የጎጎልን አንድ ታሪክ መነሻ አድርጎ በ1960 «የሰይጣን ጭንብል» የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው አርባ ስድስት ነበረ። ባርባራ ስቲል የተባለች ወጣት እንግሊዛዊት ሁለት ሴት ሆና ትጫወታለች፤ አንዲቱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተገደለች ጠንቋይ፣ ሁለተኛይቱ ከዘሯ የተወለደች ንጹሕ ልጃገረድ ናት። ጉሙ፣ የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚሮጠው ሠረገላ እንደ ሕልም ናቸው። የእንግሊዝ ሳንሱር ፊልሙ እስከ 1968 ድረስ እንዳይታይ ከለከለ፤ አሜሪካኖች ግን በ1961 በሌላ ስም አቅርበውት ብዙ ገንዘብ አገኙበት።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ብናነሣ ከጉዳዩ አንርቅም። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ ጠራው። ዛሬ በዚህ ስም የሚስቁ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን አያቶቻችን ሞኞች ነበሩ አንልም። በጨለማ ቤት ውስጥ የሌለ ሰው በግድግዳ ላይ ሲሄድ አይተው፣ ብርሃን ያለ ሥጋና ያለ ደም ሰውን ማስደንገጥ እንደሚችል ከእኛ ቀድመው ተረዱ። ባቫም በሕይወቱ ሙሉ የሠራው በዚሁ ኃይል ነው።

ከዚያ በኋላ ፊልሞቹን በቀለም መሥራት ጀመረ። በ1963 የወጣው «ሦስቱ የፍርሃት ፊቶች» ስመ ጥሩው ተዋናይ ቦሪስ ካርሎፍ ያለበት ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ ስሙን፣ «ብላክ ሳባዝ»ን፣ ከዚሁ ፊልም የእንግሊዝኛ አርእስት ወሰደ። በ1964 «ስድስት ሴቶች ለገዳዩ» በተባለው ፊልም ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ መብራት ያለ ምንም ምክንያት በአንድ ክፍል ውስጥ ሲያበራ፣ ሠዓሊ ሊሆን የተመኘው ልጅ ምኞቱን ፈጸመ ለማለት ይቻላል። በ1965 ደግሞ ስለ ሩቅ ፕላኔት ፊልም ሲሠራ በእጁ የነበሩት ሁለት የፕላስቲክ ቋጥኞች ብቻ ነበሩ ይባላል። እነርሱን በመስታወት እያበዛ፣ ባዶውን ቦታ በጢስ እየሸፈነ አንድ ዓለም አቆመ።

በመጀመሪያ የጠቀስናት ሕፃን የምትገኘው «የፍርሃት ዘመቻ» በተባለው በ1966ቱ ፊልም ነው። የአንድ መንደር ሰዎች በበዓል ቀን ሰክረው ሳለ ሕፃኒቱ ቆስላ የሚረዳት አጥታ ሞታለች፤ ከዚያም ወዲህ መንፈሷን ያየ ሁሉ በራሱ እጅ ይሞታል። የልጅቱን ቦታ ይዞ የተጫወተው ወንድ ልጅ ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ ምን እንደ ሆነ ሳያውቀው አንድ ነገር ቅር ይለዋል። በአንድ ስፍራ አንድ ሐኪም የሚሸሽ ሰው ከክፍል ወደ ክፍል እያሳደደ ይሮጣል፤ ክፍሉ ግን ሁልጊዜ ያው ክፍል ነው፤ በመጨረሻ ሲይዘው የያዘው ራሱን ሆኖ ያገኘዋል። ገንዘቡ ሥራው ሳይፈጸም ስላለቀ ሠራተኞቹ የቀረውን ያለ ደመወዝ እንደ ጨረሱት ይነገራል። እንግዲህ የፊልሙ ፍርሃት ከደም ብዛት የመጣ አይደለም። መንደሩ በሕፃኒቱ ላይ የሠራው ግፍ፣ ኳሷ ስትነጥር የሚሰማው ድምፅ፣ የመዳፏም ጥላ ተባብረው ያመጡት ነው።

በ1968 ዲኖ ዴ ላውሬንቲስ የተባለው ባለጸጋ ለ«ዲያቦሊክ» ፊልም 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቢመድብለት፣ ባቫ ከ400 ሺህ ብዙ ሳይበልጥ ጨረሰው ይባላል። ግዙፉን ዋሻና ሕንፃ የሠራው በመስታወት ላይ በተሣለና ከመጽሔት በተቆረጠ ሥዕል ነው። በ1971 ለሠራው ሌላ ፊልም ካሜራውን የሚያንቀሳቅስበት ሠረገላ ስላጣ የልጆች መጫወቻ ጋሪ ተጠቀመ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን መራራ ነበሩ። በ1973 የፈጸመው «ሊዛና ዲያብሎስ» ገዥ ስላጣ፣ በዚያ ወራት ገበያውን የያዘውን የአሜሪካን የአጋንንት ማስወጣት ፊልም እንዲመስል ተቆራርጦና ተጨምሮበት በ1975 በሌላ ስም ወጣ። በ1974 የሠራው «ያበዱ ውሾች» ደግሞ ባለ ገንዘቡ ስለ ከሠረ ተይዞ ቀረና፣ ለሕዝብ የታየው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ባቫ ይህን አላየም። በ1980 በሚያዝያ ወር ግድም ሮማ ላይ በልብ ሕመም በስልሳ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ ላምቤርቶ የአባቱንና የአያቱን ሙያ ይዞ የፊልም አዘጋጅ ሆነ።

በሕይወቱ ሳለ የአገሩ ሐያስያን እምብዛም አልቆጠሩትም፤ እርሱም ራሱን ከባለ እጅ በላይ አድርጎ አይገምትም ነበር። በእኛ አገር ባለ እጅ የሚለው ቃል ምን ያህል ስድብ ሆኖ እንደ ኖረ የታወቀ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን ቡዳ እያልን የምንሸሽ፣ በእጃቸው ሥራ ግን የምንበላና የምንለብስ ሕዝብ ነበርን። አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ልማዱ ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ። በዩኒቨርሲቲያችንም በብዕር የሚሠራውን ማክበር፣ በመጋዝና በመብራት የሚሠራውን ማቃለል አልጠፋም።

ከመካከላችን ፊልም ለመሥራት የሚመኙ ብዙዎች ናቸው። ገንዘብ የለም፣ ዕቃ የለም እየተባለ ዓመቱ ያልፋል። ገንዘብ አያስፈልግም አንልም፤ የባቫም ሠራተኞች ያለ ደመወዝ መዋላቸው የሚያስደስት ነገር አይደለም። ዳሩ ግን አንድ ስልክ፣ አንድ አምፑልና አንድ ባለ ቀለም ወረቀት የሌለው ተማሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እነዚህን ፊልሞች ፈልጋችሁ እዩ። አንድ ጊዜ ለመፍራት እዩአቸው። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩ ግን መብራቱ ከወዴት እንደ መጣ፣ መስታወቱ የት እንደ ቆመ፣ ጢሱ ምን እንደ ሸፈነ እየተመለከታችሁ ይሁን።