አጥንት ፈላጊዋ ሜሪ አኒንግ

አንድ ትልቅ ሕንፃ ተሠርቶ ሲመረቅ ሪባኑን የሚቈርጠውን ሰው ሁላችንም እናየዋለን፤ ድንጋዩን የጠረበውን ግን ብዙ ጊዜ አናውቀውም። በዕውቀትም ዓለም ቢሆን ነገሩ ከዚህ እምብዛም አይለይም። ዛሬ የምናነሣት ሴት በድንጋይ ውስጥ ተቀብረው የቈዩትን የጥንት እንስሳት አጥንት በመዶሻ እየፈለፈለች በማውጣት ዕድሜዋን የፈጸመች ናት። ስሟም ሜሪ አኒንግ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሜሪ በእንግሊዝ አገር ደቡብ፣ ላይም ሪጂስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሜይ 21 ቀን 1799 ተወለደች። አባቷ ሪቻርድ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነበር። እናቷ ከወለደቻቸው ዐሥር ያህል ልጆች መካከል ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ሜሪና ታላቅ ወንድሟ ጆሴፍ ብቻ ናቸው። ሜሪ ገና የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ሕፃን ሳለች መብረቅ ወድቆ አቅፋት የነበረችውን ሴትና አጠገቧ የነበሩትን ሌሎች ሁለት ሴቶች ሲገድል እርሷ በተአምር ተረፈች።

በዚያ ዘመን የድኻ ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድሏ በጣም ጠባብ ነበር። ነገር ግን ወላጆቿ በአባልነት የሚገኙበት ማኅበረ ምእመናን ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ነበረው፣ ሜሪ ማንበብና መጻፍን የተማረችው በዚያ ነው። ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል ትምህርት አላገኘችም።

የላይም ሪጂስ የባሕር ገደል የኖራ ድንጋይና የጠጠረ ጭቃ በተራ በተራ የተነባበሩበት ነው። ይህ ንብር ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ደለል ነበር። የሞተ እንስሳ በወለሉ ላይ ሲያርፍና ጭቃው ቶሎ ሲሸፍነው ሥጋው ይበሰብሳል፤ አጥንቱ ግን ይቀራል። በብዙ ዘመንም ውስጥ በውሃ የሟሟ ማዕድን ወደ አጥንቱ ቀዳዳዎች እየሰረገ አጥንቱን ድንጋይ ያደርገዋል። ቅሪተ አካል የምንለው ይህ ነው። በብርዱ ወራት ማዕበል ገደሉን ሲንደው የተደበቀው አጥንት ብቅ ይላል፤ ሰው ፈጥኖ ካላነሣው ግን ያው ማዕበል ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ አጥንት ፈላጊ ለሥራ የሚወጣው ናዳ በሚበዛበት፣ እጅግ አደገኛ በሆነው ወቅት ነው።

ሪቻርድ ሁለቱን ልጆቹን ወደ ገደሉ እየወሰደ ፍለጋውን አስተማራቸው። ያገኙትንም በቤታቸው ደጃፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ለእንግዶች ይሸጡ ነበር። ከፈረንሳይ ጋር በነበረው ጦርነት ምክንያት ሀብታሞቹ ወደ ውጭ አገር መሄድ ስላልቻሉ ለመዝናናት ወደ አገራቸው የባሕር ዳርቻ ይመጡ ስለ ነበር ገዢ አልጠፋም። ይሁን እንጂ በ1810 ሪቻርድ 120 ፓውንድ ዕዳ ትቶ ሞተ። ቤተሰቡም በደብሩ የድኾች መርጃ ለመኖር ተገደደ።

በ1811 ጆሴፍ ከ1 ሜትር የሚበልጥ የራስ ቅል አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ሜሪ በዐሥራ ሁለትና በዐሥራ ሦስት ዓመቷ መካከል ሳለች የቀረውን አካል ፈልጋ አገኘች። እንስሳው አምስት ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በመጀመሪያ አዞ ነው ተባለ፤ በኋላ ግን በባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ፣ አሁን ዘሩ የጠፋ ተሳቢ እንስሳ መሆኑ ታውቆ ኢክቲዮሳውር ተባለ፤ ትርጓሜውም የዓሣ እንሽላሊት ማለት ነው። ቤተሰቡ የተከፈለው 23 ፓውንድ ያህል ነበር። በ1814 ኤቨራርድ ሆም የተባለ የታወቀ ሐኪም ስለዚሁ እንስሳ ሲጽፍ የአኒንግን ቤተሰብ ስም አላነሣም።

ድኽነቱ ግን አልለቀቃቸውም። በ1820 ቤተሰቡ የቤት ኪራይ ለመክፈል ዕቃውን ወደ መሸጥ ደርሶ ነበር። ይህን ያየ ቶማስ በርች የሚባል ደንበኛቸው፣ አብዛኛውን ከእነርሱ የገዛውን የቅሪተ አካል ስብስቡን ለንደን ላይ በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለእነርሱ ሰጠ። ሽያጩም 400 ፓውንድ አስገኘ።

ሜሪ አጥንት ለቅማ ሸጣ ብቻ የምትኖር አልነበረችም። የሊቃውንቱን ጽሑፎች ተውሳ ሥዕሉ ሳይቀር በእጇ ትገለብጥ ነበር። የጥንቱን አጥንት ለመረዳትም የዘመኑን ዓሣ እየበለተች ታጠና ነበር። በዚህ ዓይነት ከሚገዟት ብዙ ሰዎች ይልቅ የአጥንቱን ጠባይ የምታውቀው እርሷ ሆነች።

ዕውቀቷም ብዙ ሳይቈይ ተፈተነ። በ1823 መጨረሻ ሙሉ የሆነ የፕሌሲዮሳውር አጽም አወጣች፤ ይህም እጅግ ረጅም አንገትና ትንሽ ራስ ያለው የባሕር ተሳቢ ነው። ከአውሮፓ ሊቃውንት ሁሉ የላቀ ክብር የነበረው ፈረንሳዊው ኩቪዬ ሥዕሉን ሲመለከት የአንገቱ አጥንቶች መብዛት አስጠረጠረው፤ የተለያዩ እንስሳት አጥንት ተገጣጥሞ ይሆናል ብሎ አሰበ። ይህ ጥርጣሬ ቢጸና ኖሮ ሜሪ በአታላይነት ስሟ ይጠፋ፣ እንጀራዋም ይቋረጥ ነበር። በ1824 የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ስለ ነገሩ ተሰበሰበ፤ አጽሙም እውነተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ኩቪዬም ስሕተቱን አመነ። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን ሜሪ አልነበረችም፤ ማኅበሩ ሴት አይቀበልም ነበርና። እንስሳውን ለጉባኤው ያስረዳው ቄስ ኮኒቢርም ያገኘችውን ሰው በስም ሳይጠራ ንግግሩን ፈጸመ።

ሜሪ ሥራዋን ቀጠለች። በ1828 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን ፕቴሮሳውር፣ ማለትም የሚበር ተሳቢ እንስሳ አገኘች። በኢክቲዮሳውር ሆድ ዕቃ ሥፍራ የሚገኙት ድንጋዮች ሲሰበሩ የዓሣ አጥንትና ቅርፊት እንደሚታይባቸው አስተዋለች። ሊቁ ባክላንድ ይህን ይዞ ሲመረምር ድንጋዮቹ የእንስሳቱ ዓይነ ምድር መሆናቸውን አስረዳ፤ በዚህም እነዚያ እንስሳት ምን ይበሉ እንደ ነበር ታወቀ። በ1833 ድንገተኛ ናዳ ሁልጊዜ የሚከተላትን ውሻዋን ከአጠገቧ ደፍጥጦ ገደለው፤ እርሷ ለጥቂት ዳነች።

ሊቃውንቱ ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ለማለት አይደለም። ደ ላ ቤሽ የተባለው ወዳጇ በ1830 እርሷ ያገኘቻቸውን እንስሳት ሕይወት ዘርተው የሚያሳይ ሥዕል ሥሎ የኅትመቱን ሽያጭ ለእርሷ አደረገ። የቈጠበችው ገንዘብ በጠፋ ጊዜም ባክላንድ ደክሞ በየዓመቱ 25 ፓውንድ እንዲሰጣት አስፈቀደ። ዳሩ ግን በሕይወት ሳለች በሳይንስ መጽሔት የታተመላት ጽሑፍ በ1839 ከደብዳቤዋ የተቀነጨበ ብቻ ነበር።

ሜሪ አኒንግ ማርች 9 ቀን 1847 በጡት ካንሰር በ47 ዓመቷ ዐረፈች። በሚቀጥለው ዓመት ደ ላ ቤሽ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሳለ ስለ እርሷ የመታሰቢያ ንግግር አደረገ። በ1850 በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን የምሕረት ሥራዎችን የሚያሳይ ባለ ሥዕል መስተዋት ለመታሰቢያዋ ቆመ። ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት መቀበል የጀመረው ግን በ1919፣ እርሷ ከሞተች ከ72 ዓመት በኋላ ነው። በ2022 ደግሞ አንዲት ተማሪ ከእናቷ ጋር በጀመረችው ጥረት በትውልድ ከተማዋ ሐውልት ተሠራላት።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ኮኒቢር የተማረና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። የሜሪን ስም ቢጠራ ከክብሩ የሚጐድልበት አንዳች ነገር አልነበረም፤ ለእርሷ ግን ብዙ በሆነላት ነበር። እኛም በክፍልም ሆነ በማኅበር በጋራ የሠራነው ሥራ በሰው ፊት በሚቀርብበት ጊዜ፣ ወንበር ያመላለሰውን፣ ጽሑፉን የገለበጠውን፣ ሐሳቡን በመጀመሪያ ያመጣውን በስም ለመጥራት እንልመድ። ሜሪ ስሟ በጉባኤ እስኪነሣ ሳትጠብቅ በየማለዳው መዶሻዋን ይዛ ወደ ገደሉ ትወርድ ነበር። የሠራውን ሰው አመስግኖ መናገር ግን የሠሪው ሳይሆን የእኛ የሰሚዎቹ ፋንታ ነው።