ኦስካር ፎን ሚለር፤ የመኪናን ሆድ ለሕዝብ የከፈተ መሐንዲስ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት አንድ አዲስ ነገር የፈለሰፉ ወይም በጦር ሜዳ ድል ያደረጉ ናቸው። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን ላወሳው የፈለግሁት ከዚህ ለየት ያለ ሰው ነው። ይኸውም ሌሎች የፈለሰፉትን ሰብስቦ ለሕዝብ ዓይንና እጅ ያቀረበው የጀርመኑ መሐንዲስ ኦስካር ፎን ሚለር ነው። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኦስካር ፎን ሚለር በሜይ 7 ቀን 1855 በሙኒክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፈርዲናንድ ፎን ሚለር በአገሩ የተከበረ ነሐስ አቅላጭ ነበር፤ በ1850 የተመረቀውንና ቁመቱ ከ18 ሜትር በላይ የሆነውን የባቫሪያን ታላቅ ሐውልት ያቀለጠው እሱ ነው። እንግዲህ ልጁ የተወለደው ከእጅ ሥራ ባለሙያ ቤት ነው። አድጎም በዚያው በሙኒክ የምሕንድስና ትምህርት ተምሮ በባቫሪያ መንግሥት የሕንፃና የግንባታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ።

በ1881 በፓሪስ ከተማ ታላቅ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ሚለርም ወደዚያ ሄዶ የኤዲሰንን መብራትና ሌሎችንም አዳዲስ መሣሪያዎች ተመለከተ። አይቶ ተደንቆ ብቻ አልቀረም፤ በማግሥቱ ዓመት በ1882 ይህንኑ የመሰለ ኤግዚቢሽን በሙኒክ አዘጋጀ። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 27 ዓመት ነበር። በዚህም ኤግዚቢሽን ከፈረንሣዊው መሐንዲስ ከማርሴል ዴፕሬ ጋር ሆኖ፣ ሚስባክ ከምትባለው ትንሽ ከተማ የተነሣውን የኤሌክትሪክ ኃይል 57 ኪሎሜትር በቴሌግራፍ ሽቦ አስኪዶ፣ በሙኒክ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ የሚያፈስ ፓምፕ እንዲያንቀሳቅስ አደረገ። እርግጥ ነው፣ ከተላከው ኃይል አብዛኛው በመንገድ ጠፍቶ ቀርቷል። ቢሆንም ከሩቅ የመጣ ኃይል ውኃ ሲያወርድ ሕዝቡ በዓይኑ አየ።

ከዚህ በኋላ ሚለር ከኤሚል ራተናው ጋር፣ በኋላ አ.ኤ.ጌ. ተብሎ ዓለም ያወቀውን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ለጥቂት ዓመታት መራ። በ1891 ደግሞ በፍራንክፈርት የተደረገው ኤግዚቢሽን ኃላፊ ሆነ። በዚህ ጊዜ የተደረገው ሙከራ ከፊተኛው እጅግ የሚበልጥ ነበር። በላውፈን መንደር የኔካር ወንዝ ውኃ ያመነጨው ኃይል 175 ኪሎሜትር ተጉዞ በፍራንክፈርት 1000 አምፖሎችን አበራ፤ ፏፏቴም አፈሰሰ። ከተላከውም ኃይል ሦስት አራተኛ ያህሉ ደረሰ።

በፊዚክስ ትምህርታችን እንደምናውቀው በሽቦ ውስጥ በሙቀት መልክ የሚጠፋው ኃይል የሚጨምረው በከረንቱ ስኩዌር መጠን ነው። ስለዚህ ቮልቱን በትራንስፎርመር ከፍ አድርጎ ከረንቱን ዝቅ ማድረግ ጥፋቱን በብዙ ይቀንሰዋል። ከረንቱ በግማሽ ቢቀነስ ጥፋቱ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ደንብ ሊቃውንቱ በወረቀት ላይ ያውቁት ነበር። ተራው ሰው ግን ያመነው ፍራንክፈርት ላይ አምፖሎቹ ሲበሩ ባየ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሚለር በሁለቱ ኤግዚቢሽኖች አንድ ትልቅ ነገር እንደ ተማረ የሥራው ታሪክ ያስረዳል። ኤግዚቢሽን ጥቂት ወራት ቆይቶ ይፈርሳል፤ ሕዝቡም ያየውን ይረሳል። ስለዚህ የማይፈርስ ኤግዚቢሽን ያስፈልጋል። በወጣትነቱ በፓሪስና በለንደን የሚገኙትን የጥበብና የመሣሪያ ስብስቦች ጐብኝቶ ነበርና በ1903 ለጀርመን መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ጥሪ ልኮ፣ በዚያው ዓመት በጁን 28 ቀን በሙኒክ የጀርመን ሙዚየም የሚባለው ማኅበር ተመሠረተ።

ለሥራው የሚበቃ ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ አልነበረም። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ሚለር ሸክሙን ለብዙ ሰው ማካፈል ያውቅበት ነበር። የሙኒክ ከተማ በኢዛር ወንዝ መካከል ያለችውን ደሴት ሰጠ፤ ፋብሪካዎች መሣሪያና የሕንፃ ዕቃ ሰጡ፤ ሊቃውንትም ምክራቸውን ሰጡ። በ1906 ስብስቡ በጊዜያዊ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ሁለተኛ ለአዲሱ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ አኖረ። ከዚያ በኋላ ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ቀጥሎም የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ወደቀ። ሥራው ዓመታት ዘገየ። ሚለር ግን አልተወውም። ዋናው ሕንፃ የተመረቀው በሜይ 7 ቀን 1925 ሲሆን፣ ይህ ቀን እሱ 70 ዓመት የሞላበት ዕለት ነበር።

በእነዚያ የችግር ዓመታት ሚለር የሠራው ይህን ብቻ አይደለም። የቫልኸን ሐይቅ ውኃ 200 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወዳለው ወደ ኮኸል ሐይቅ በትላልቅ ቱቦዎች ወርዶ ተርባይን እንዲያዞር የታሰበውን ታላቅ የኃይል ማመንጫ ሥራ ከ1918 ጀምሮ መራ፤ እሱም በ1924 ሥራ ጀመረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የሚለር ሙዚየም ከሌሎች የሚለየው በምንድን ነው? በዚያ ዘመን አብዛኛው ሙዚየም ዕቃውን በመስታወት ውስጥ ዘግቶ እንዳይነካ የሚያደርግ ነበር። በሚለር ሙዚየም ግን መኪናው ተቈርጦ ሆዱ ይታያል፤ ጐብኚው እጀታ ሲያዞር ወይም ቍልፍ ሲጫን መሣሪያው ይንቀሳቀሳል። ከመሬት በታች ማዕድን የሚቈፈርበት ዋሻ እንደ እውነተኛው ተሠርቶ ሰው ይመላለስበት ነበር። ከዚህም ጋር እውነተኛዎቹ የታሪክ ዕቃዎች አሉ፤ ኦቶ ፎን ጌሪከ የአየርን ግፊት ያሳየባቸው የማግደቡርግ ንፍቀ ሉሎች፣ በ1879 ዚመንስ የሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ በ1886 ቤንዝ የሠራው አውቶሞቢል በዚያ ይገኛሉ።

ሚለር የሰማይን ጉዞም በአዳራሽ ውስጥ ለማሳየት ፈለገ። በየና ከተማ የሚገኘውን የሳይስ ኩባንያ ለመነ፤ የኩባንያውም መሐንዲስ ቫልተር ባወርስፌልድ ከዋክብትን በብርሃን በጣሪያ ላይ የሚሥል መሣሪያ ሠራ። ይህም በ1923 በሙኒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ፕላኔታሪየሞች ሁሉ የዚህ ልጆች ናቸው ለማለት ይቻላል። በአሜሪካም የቺካጎው የሳይንስና የኢንዱስትሪ ሙዚየም የሙኒኩን አርአያ ተከትሎ በ1933 ተከፈተ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ግን ሌላ ነው። የመጓጓዣ ገንዘብ የሌላቸው ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ወደ ሙኒክ መጥተው ሙዚየሙን እንዲያዩ የሚረዳ የጉዞ ገንዘብ ተቋቁሞ ነበር። ይህ የሚያስረዳው ሙዚየሙ የባለጸጎች መዝናኛ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የታሰበ መሆኑን ነው። ሰው በማያውቀው መሣሪያ ሲገለገል ወይ ይፈራዋል ወይ ያመልከዋል፤ ሲበላሽም ሌላ እስኪመጣለት ተቀምጦ ይጠብቃል። ውስጡን ያየ ግን ይጠይቃል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ተብሎ የለምን?

ሆኖም እውነቱን ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ሚለር በ1933 ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት ዓመት ከሙዚየሙ አመራር ለቀቀ፤ በኤፕሪል 9 ቀን 1934 በ78 ዓመቱ በሙኒክ ሞተ። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ቈይቶ፣ በ1937፣ በዚያው በሙዚየሙ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ናዚዎች አይሁድን የሚያዋርድ፣ ሐሰትና ጥላቻ የሞላበት ኤግዚቢሽን ከፈቱ። ሕዝብን በዓይን ለማስተማር የተሠራው ቤት ሕዝብን በዓይን ለማሳሳት ዋለ። ከዚህ የምንማረው ትምህርት መራራ ነው። ይኸውም ማሳየት ብቻውን ዕውቀት አይደለም፤ የሚያሳየው ሰው ሐቀኛ፣ የሚያየውም ሰው መርማሪ መሆን አለበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሕንፃው በቦምብ እጅግ ተጐዳ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን እንደገና ተሠርቶ እስከ ዛሬ በዚያችው ደሴት ላይ ይገኛል።

በእኛም አገር በ2022፣ ማለትም በእኛ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም.፣ የሳይንስ ሙዚየም በአዲስ አበባ ተመርቋል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ሁሉም ተማሪ አዲስ አበባ ሊደርስ አይችልም። እኔ ራሴ የኤሌክትሪክ ሞተርን ለሁለት ዓመት የተማርሁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተሣለ ሥዕል ነው። ሥዕሉን አስታውሼ በፈተና ላይ በትክክል ሠራሁት። የሞተር ሽቦ እንዴት እንደ ተጠመጠመ በዓይኔ ያየሁት ግን በሰፈራችን የወፍጮ ቤት ሞተር ተቃጥሎ ጠጋኙ ሲፈታው ነው። በዚያች በአንዲት ሰዓት ከደብተሬ ያላገኘሁትን አገኘሁ፤ ጠጋኙም ለጠየቅሁት ሁሉ ሳይሰለች መለሰልኝ።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በቤታችሁ የተበላሸ ሬዲዮ፣ የቆመ ሰዓት፣ የተሰበረ የስፌት መኪና፣ የተቃጠለ ሞተር ቢኖር አትጣሉት፤ ለትምህርት ቤታችን ስጡን። እኛ ተማሪዎች በመምህራኖቻችን ጠባቂነት እንፈታዋለን፤ የእያንዳንዱን ክፍል ስምና ሥራ በወረቀት ጽፈን ከላብራቶሪው አጠገብ ባለው ባዶ ክፍል እንደረድረዋለን። እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ እሄዳለሁ፤ ከኋላዬ የሚመጡት ታናናሾቼ ግን ሞተርን ከሥዕል ብቻ እንዳይማሩት እመኛለሁ። አንድ መደርደሪያ እስኪሞላ ድረስ የአንድ ዓመት ጊዜ ይበቃናል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ጓደኞቼ ሥራውን ለመቀጠል ቃል ገብተውልኛል፤ የመጀመሪያውንም ዕቃ፣ የአባቴን አሮጌ ሬዲዮ፣ እኔ አመጣለሁ።