ኤድዋርድ ቶርንዳይክ፦ ከድመት ሣጥን እስከ ንባብ ፈተና

የቶርንዳይክን ስም በትምህርት ሥነ ልቦና ክፍል ያልሰማ ሠልጣኝ አይገኝም። ድመቷ፣ ሣጥኑ፣ ሙከራና ስሕተቱ፣ ከዚያም ሕጎቹ በየደብተራችን ሰፍረዋል፤ ለፈተና ሸምድደናቸዋል፤ ከፈተናው በኋላ ደግሞ ረስተናቸዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ለመምህር ከድመቷ ይበልጥ የሚጠቅም ሌላ ሥራ ሠርቷል። ተማሪ ፊደሉን ለይቶ፣ ቃሉን ሳይሰብር ካነበበ በኋላ ከምንባቡ ሥር ያለውን ጥያቄ ለምን እንደሚስት አጥብቆ መርምሯል። በኮሌጅ መግቢያ ፈተና የንባብ ውጤት ዝቅ ባለ ቁጥር የሚነሣው ክርክርም ዞሮ ዞሮ እዚያው ጥያቄ ላይ ይደርሳል።

ኤድዋርድ ሊ ቶርንዳይክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1874 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዊልያምስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የሜቶዲስት ሰባኪ ስለነበሩ ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ነበር። በ1895 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀና ወደ ሃርቫርድ ሄዶ ከታወቀው ሊቅ ከዊልያም ጄምስ ዘንድ መማር ጀመረ። በመጀመሪያ ሊያጠና የፈለገው የልጆችን አእምሮ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ምን ያድርግ? ወደ ጫጩቶች ዞረ። ጫጩቶቹን በተከራየው ክፍል ውስጥ ሲያሳድግ አከራዩ ሴትዮ አልቻሉትም፤ አስወጣልኝ አሉት። መምህሩ ጄምስ በገዛ ቤታቸው ምድር ቤት ቦታ ሰጡት፤ ለልጆቻቸውም ጥሩ ጨዋታ ሆነላቸው። በኋላ ወደ ኒውዮርክ ሲዛወር ከተማሩት ዶሮዎቹ ሁለቱን በቅርጫት ይዞ ነው የሄደው።

የድመቷ ሙከራ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ሲሆን በ1898 ለዶክትሬት ዲግሪው ያቀረበው ጽሑፍ ሆነ። የተራበች ድመት በሣጥን ትዘጋለች፤ ምግቡ ከውጭ ይቀመጣል፤ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ በአጋጣሚ ገመዱን ስትስብ በሩ ይከፈታል። ሙከራው በተደጋገመ መጠን የምትፈጀው ጊዜ ቀስ በቀስ እያጠረ ይሄዳል። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝመውም። በ1899 የኮሎምቢያ የመምህራን ኮሌጅ ባልደረባ ሆነ፤ እስከ 1940 ድረስም እዚያው ሠራ። ያሳተማቸው ጽሑፎች ከ500 በላይ ናቸው።

በ1901 ከባልደረባው ከሮበርት ውድወርዝ ጋር ያወጣው ጥናት ብዙ የድሮ መምህራንን አስቆጥቷል። በዚያ ዘመን እንደ ላቲን ያለ ከባድ ትምህርት አእምሮን ስለሚስል ተማሪው ለሁሉም ነገር ይሠለጥናል የሚል እምነት ነበር። ሁለቱ ሰዎች ግን በአንድ ዓይነት ሥራ የተለማመደ ሰው በሌላው ሥራ የሚሻሻለው ሁለቱ ሥራዎች የሚጋሩት ነገር ባለ መጠን ብቻ መሆኑን አሳዩ። በ1924 ከ8,000 በሚበልጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ያደረገው ጥናትም ወደዚያው አመራ። እንግዲህ የቃላት ዝርዝር ከነፍቺው እየሸመደደ የንባብ ፈተና ለማለፍ የሚደክም ተማሪ ካለን ነገሩን ከዚህ አንጻር ልናየው ይገባል። ዝርዝር መሸምደድ ዝርዝር መሸምደድን ያስተምራል፤ ምንባብ መረዳት ግን ሌላ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1917 ቶርንዳይክ የአንቀጽ ንባብ ስሕተቶችን የሚመረምር አንድ ጽሑፍ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ስድስተኛ ክፍልና በዚያ አካባቢ ላሉ ተማሪዎች አጭር አንቀጽ ሰጣቸው። አንቀጹ ስለ አንዲት ፍራንክሊን ስለምትባል ከተማ የትምህርት ቤት ደንብ የሚናገር ነው፤ ዕድሜያቸው ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት የሆኑ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት መገኘት አለባቸው፤ የሚቀሩት በጠና ሲታመሙ፣ ቤታቸው ውስጥ ተላላፊ በሽታ ሲገባ ወይም መንገዱ የማያስኬድ ሲሆን ነው። ተማሪዎቹ አንቀጹ ፊታቸው ላይ እያለ፣ ደጋግመው ማየት እየቻሉ፣ ጥያቄዎች ተጠየቁ። የማስታወስ ፈተና አልነበረም ማለት ነው።

መልሶቹ የሚገርሙ ነበሩ። የአንቀጹ ርእሰ ነገር ምንድን ነው ሲባሉ አንዳንዶቹ ፍራንክሊን ብለው ጻፉ። አንዳንዶቹ ደግሞ አንቀጽ የሚለውን ቃል ብቻ ይዘው፣ አንቀጽ በትልቅ ፊደል እንደሚጀምር ወይም መጀመሪያው መስመር ከዳር ገባ ብሎ እንደሚጻፍ አስረዱ! የዐሥር ዓመት ልጅ በየትኛው ቀን ትቀራለች ተብለው ቀን የሚለው ቃል ስለገዛቸው የሳምንቱን ቀኖች የቆጠሩም ነበሩ። ሌላ መምህር ቢሆን ኖሮ እነዚህ ልጆች ደነዞች ናቸው ብሎ ወረቀቱን በቀይ ሞልቶ ይመልስላቸው ነበር። ቶርንዳይክ ግን ስሕተቶቹን እንደ ብርቅ ነገር ሰብስቦ ለያቸው፤ መልካቸውም ወጣለት።

ያገኘው ይህ ነው። አንባቢ ቃላቱን ሁሉ ሊያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን ለአንዱ ቃል ከሚገባው በላይ ክብደት ይሰጥና ሌላውን ያለ ክብደት ያልፈዋል። በተለይ ካልሆነ በስተቀር፣ ወይም፣ ቢሆንም የሚሉትን የመሳሰሉ ትንንሽ ቃላት ሲዘለሉ ደንቡ ይገለበጣል፤ መቅረት የተከለከለው ልጅ ተፈቅዶለት ያርፈዋል። ሌላው ችግር ደግሞ አንባቢው መጀመሪያ ወደ አእምሮው የመጣውን ሐሳብ ከጥያቄውም ከአንቀጹም ጋር ሳያስተያይ መቀበሉ ነው። ስለዚህ ቶርንዳይክ አንድን አንቀጽ መረዳት የሒሳብ ችግር እንደ መፍታት ያለ ሥራ ነው አለ፤ ትክክለኛዎቹን ነገሮች መምረጥ፣ በትክክለኛ ዝምድና ማያያዝ፣ ለእያንዳንዱም ተገቢውን ሚዛን መስጠት ያስፈልጋል። ከዚያም የማይወደድ ነገር ጨመረ። ብዙ ተማሪ ታሪክና ጂኦግራፊ የሚወድቀው ስለረሳ አይደለም፤ ለካስ መጀመሪያውኑ አልገባውም።

መፍትሔውንም ጠቁሟል። ጮክ ብሎ ማንበብ በአብዛኛው በዝምታ ንባብ ይተካ፤ ተማሪው አስቀድሞ የተሰጠውን ጥያቄ ይዞ ያንብብ፤ ያነበበውን ባጭሩ ይጻፍ፤ ምንባቡ የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች ራሱ ያውጣ። እዚህ ላይ ሐሳቤን ልሰንዝር። በየክፍሉ አንድ ልጅ ቆሞ ሲያነብ ሌሎቹ በጣታቸው የሚከተሉበት አሠራር ለመምህሩ ምቹ ነው፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ሰዓቱም ያልቃል። ነገር ግን ያ ሁሉ ልጅ በዚያ ሰዓት ውስጥ አንድም ጊዜ እንዲመዝን አልተጠየቀም። እንዲህ እያለ ዐሥራ ሁለት ዓመት የዘለቀ ተማሪ በመግቢያ ፈተና ረዥም ምንባብ ፊት ሲቀመጥ ምን ያድርግ? ሥራውን ለቋንቋ መምህሩ ብቻ መተውም አይበቃም፤ የባዮሎጂው መምህርም ምንባብ ያስነብባል እኮ።

ቶርንዳይክ በ1921 ለመምህራን የሚሆን የቃላት መጽሐፍ አወጣ። ከ41 ዓይነት ጽሑፎች፣ ከልጆች መጻሕፍት፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከጋዜጣና ከደብዳቤ ሳይቀር፣ 4.5 ሚሊዮን ያህል ቃል ተቆጥሮ በብዛት የሚደጋገሙት 10,000 ቃላት ተለዩ። በ1944 ከኢርቪንግ ሎርጅ ጋር 30,000 አደረሰው። በ1935 ያወጣው የልጆች መዝገበ ቃላትም የዚሁ ቆጠራ ፍሬ ነው።

የሕይወቱ ጨለማ ገጽ ግን አብሮ መነገር አለበት። ቶርንዳይክ የሰው ችሎታ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ዘርን በመምረጥ ሰውን እናሻሽላለን ከሚሉትም ወገን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ወታደሮችን በፈተና የመመደቡን ሥራ ከመሩት አንዱ ሆነ። በ1919 ደግሞ እርሱ ያዘጋጀው የአእምሮ ፈተና ለኮሎምቢያ ኮሌጅ መግቢያ መዋል ጀመረ። ነገሩን ልብ በሉ። በ1917 ተማሪ የሚሳሳተው መመዘንን ስላልተለማመደ ነው ብሎ ያሳየ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተማሪን በአንድ ወረቀት አበጥሮ ይህ ይገባል፣ ያኛው አይገባም የሚል ወንፊት ሠራ። የመጀመሪያውን ግኝቱን ለሁለተኛው ሥራው ሳያውለው ቀረ ብዬ አስባለሁ።

በ1926 ለአሜሪካ ኮሌጆች በጋራ የተሰጠው የመግቢያ ፈተናም አንቀጽ የማንበብ ክፍል ነበረው። ያን ፈተና ያዘጋጀው ካርል ብሪገም የተባለ ሌላ ሊቅ ሲሆን፣ እርሱም የስደተኞችን ዘር በጦሩ ፈተና ውጤት ያወዳደረ ሰው ነበር። በ1930 ግን ያን ድምዳሜውን በጽሑፍ ሻረው። በአንድ ቋንቋ የተዘጋጀ ፈተና ያን ቋንቋ ለመማር እኩል ዕድል ያላገኙትን ሰዎች ለማወዳደር እንደማይሆን አመነ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተምሮ በእንግሊዝኛ የሚፈተን ተማሪ የምናስተምር እኛ ይህን ነገር በቀላሉ አናልፈውም።

ቶርንዳይክም ቢሆን ማስረጃ ሲገፋው ይለወጥ ነበር። ሽልማት ትምህርትን የሚያጠነክረውን ያህል ቅጣት ስሕተትን ያጠፋል የሚለውን የቀድሞ አስተሳሰቡን በ1929 በአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ በግልጽ ተወ፤ አለንጋ ለሚወዱ መምህራን መልካም ዜና አልነበረም። በ1928 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ ጎልማሳ ሰው መማር አይችልም የሚለውን ተረት አፈረሰ፤ የመማር ችሎታ ከሃያዎቹ ዕድሜ በኋላ የሚቀንሰው በጣም ቀስ ብሎ መሆኑን አሳየ።

ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1949 በሞንትሮዝ፣ ኒውዮርክ፣ በ74 ዓመቱ ዐረፈ። የመምህራን ኮሌጁ አንዱን ሕንፃ በስሙ ሰይሞለት ነበር፤ በ2020 ግን ስለ ዘር በነበረው አቋም ምክንያት የኮሌጁ ቦርድ ስሙ ከሕንፃው ላይ እንዲነሣ ወሰነ። የ1917ቱ ጽሑፍ ግን ስለ ንባብ በሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ አሁንም ይጠቀሳል።