ዐፄ ቴዎድሮስና የበሽሎ ቁልቁለት

የወሎ ደጋ ወንዞች ከሩቅ አይታዩም። ሜዳው ለጥ ብሎ ሲሄድ የሚያልቅ አይመስልም፤ ድንገት ግን መሬቱ ተቆርጦ ገደል ይሆንና ወንዙ ከታች እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። በሽሎም፣ ወደ በሽሎ የሚገባው ጅጣም እንዲህ ናቸው፤ ውሃቸው ሄዶ ሄዶ ከዓባይ ይገባል። በክረምት ሲሞሉ የወዲህና የወዲያ ማዶ ሰው ተለያይቶ ይከርማል። በበጋ ግን ልጆች ይዋኙባቸዋል፣ ከብት ይጠጣባቸዋል፣ መቅደላን ለማየት የሚሄድ መንገደኛም ልብሱን ሰብስቦ ይሻገራቸዋል። ከደላንታ በኩል በእግሩ የሚወርድ ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መድፋቸውን ይዘው የወረዱትን ገደል ይወርዳል። ስለዚህ የእኚህን ንጉሥ ታሪክ ከዘውዱ ይልቅ ከወንዙ በኩል ብናየው አንባብያን ቅር አይላቸውም ብዬ አምናለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ካሣ፣ የአባታቸው ስም ኃይሉ ነው። ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ በኋላ ሸፍተው በቋራ ቆላ ኖሩ። በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አድርገው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ። በመስከረም 1848 ዓ.ም. መቅደላን ያዙ።

ወንዝና ገደል ለእኚህ ንጉሥ የአገር አጥር አልነበረም። ገደሉ ሰውን ከሰው የሚለየው መንገድ ስለሌለው ነው ብለው ያስቡ የነበረ ይመስለኛል። መንገድ ሲሠራ ማልደው ተነሥተው ድንጋይ የሚፈነቅሉት እሳቸው ነበሩ፤ ንጉሡ ጎንበስ ካለ ደግሞ መኳንንቱ ቆሞ ሊያይ አይችልም። በ1858 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር ሳሉ፣ ስለ አውሮፓ መርከብ የሰሙትን ይዘው፣ ከደንገል በጎንና በጎኑ መንኰራኵር ያለው፣ በእጅ የሚዞር ትልቅ ጀልባ አሠርተው ነበር። ሐሳቡ ባይሰምርም፣ የአገሩን ታንኳ ከባሕር ማዶው ብልሃት ጋር ለማጋባት የሞከረ ሌላ ንጉሥ በዚያ ዘመን አላውቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን የመጨረሻው ነው። ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ስለ ቀረ ቆንሲሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ፤ እስረኞቹም መቅደላ ላይ ተቀመጡ። በዚህ መካከል አገሩ ከእጃቸው ወጣ። ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያም ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። የቤጌምድር ሕዝብ በዚያ ጊዜ ያየው መከራ ከጀግንነታቸው ጋር አብሮ መነገር አለበት።

ይዘውት የሚሄዱት ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ነበር፤ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ብረት ከዋድላ ደጋ ወደ ጅጣ ማውረድ፣ ከጅጣ ደላንታ ማውጣት፣ ከደላንታ እንደ ገና ወደ በሽሎ ማውረድ፣ ከበሽሎም መቅደላ ሥር እስካለው እስላምጌ ማድረስ እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ ገደሉን ያየ ያውቀዋል። አለቱ በባሩድ ይፈርሳል፣ ድንጋዩ በእጅ ይለቀማል፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ ይዞ ሽቅብ ይስባል፤ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ መድፉ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዛል። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በመጋቢት መድፉ እስላምጌ ደረሰ።

በዚያው ሰሞን ዙላ ላይ የወረደው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከሰሜን ይገሠግሥ ነበር። ጅጣ አፋፍ ሲደርስ ቁልቁለቱ ተጠርጎ፣ መንገዱ ተስተካክሎ ቆየው። ንጉሡ ለመድፋቸው የቆረጡት መንገድ ጠላታቸውን አወረደው፣ አወጣውም። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ እንግሊዞች በሽሎን በእግራቸው ተሻግረው አሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። ፊታውራሪ ገብርዬና ከ700 ያላነሰ ወታደር በዚያ ቀን ወደቁ። ዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ እንግሊዞች አምባውን ጥሰው ሲገቡ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

ሴባስቶፖል ከባድ ስለ ነበረ እዚያው ቀረ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። መጻሕፍቱ፣ ዘውዱና የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ግን በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው በሽሎን ተሻገሩ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም በሐራጅ ተሸጡ። እቴጌ ጥሩ ወርቅም ከልጃቸው ጋር በዚሁ መንገድ ሄዱ፤ እሳቸው ከኢትዮጵያ ሳይወጡ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልዑል ዓለማየሁ በሽሎን ሲሻገር ዕድሜው 7 ዓመት ነበር። እንግሊዝ አገር በ1872 ዓ.ም. ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ።