ሉዊስ ባንት፦ የቤት መኪናንና የጭነት መኪናን ያጋባው ነዳፊ

ፊቱ የቤት መኪና፣ ጀርባው የጭነት መኪና የሆነውን ተሽከርካሪ አሜሪካኖች ፎርድ ራንቼሮና ሸቭሮሌ ኤል ካሚኖ በተባሉት ሁለት ስሞች ያውቁታል። ከእነዚህ አሮጌ መኪኖች አንዱን ገዝቶ ሞተሩን መለወጥ፣ ፍሬኑን ማሻሻልና የዛገውን ላሜራ ቆርጦ በአዲስ መተካት ለብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሆኗል። የአሳቡ የትውልድ አገር ግን አሜሪካ አይደለም። ነዳፊውም ስመ ጥር ከሆኑት የዲትሮይት ሊቃውንት ወገን አልነበረም።

ሉዊስ ባንት በ1910 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አውስትራልያ፣ ሙንታ በምትባል የመዳብ ማዕድን ከተማ ተወለደ። የከተማዋ ማዕድን ማውጫዎች በ1923 ሲዘጉ እርሱ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። በወጣትነቱ አዴላይድ ውስጥ የመኪና አካል በመሥራት ሙያ ተሰማርቶ ቆየ፤ ከዚያም በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ጂሎንግ ተሻግሮ በፎርድ ፋብሪካ ተቀጠረ። የፎርድ የአውስትራልያ ኩባንያ የተቋቋመው በ1925 ሲሆን፣ ሞተሩና ሻንሲው ከካናዳ በመርከብ እየመጣ አካሉ ጂሎንግ ላይ ይሠራ ነበር። የዚህም ምክንያት መንግሥት ተሠርቶ በሚገባ የመኪና አካል ላይ የጣለው ከባድ ቀረጥ ነው። ቀረጡ ባይኖር ኖሮ ጂሎንግ ውስጥ የአካል ነዳፊ ባላስፈለገ፣ ባንትም ምናልባት ስሙ ባልተነሣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በመኪና ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የተነገረ ነው። በ1932 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ግዛት የምትኖር የአንድ ገበሬ ሚስት ለፎርድ ኩባንያ ደብዳቤ ጻፈች። የጠየቀችውም እሑድ እሑድ ዝናብ ሳይነካት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት፣ ሰኞ ደግሞ ባሏ አሳማዎቹን ወደ ገበያ የሚያደርስበት አንድ መኪና እንዲሠራላቸው ነበር። ጊዜው የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ የሱፍና የስንዴ ዋጋ ያሽቆለቆለበት ነው። ባንኮችም ለሥራ መኪና እንጂ ለቤት መኪና ለገበሬ ገንዘብ ለማበደር ፈቃደኞች አልነበሩም ይባላል። ስለዚህ የሴትዮዋ ጥያቄ የቅንጦት ሳይሆን የኑሮ ጥያቄ ነበር። ደብዳቤው ከኃላፊ ወደ ኃላፊ ተላልፎ በመጨረሻ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ባንት እጅ ገባ።

እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ ጥቂት ማብራራት እወዳለሁ። ጭነት የሚጭን ትንሽ መኪና ከዚያ በፊት አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። በአሜሪካም በአውስትራልያም ጣሪያው ሸራ የሆነ፣ ከኋላው ሣጥን የተገጠመለት ክፍት መኪና ነበር፤ የጭነት መኪና ጋቢና ያላቸውም ነበሩ። በእነዚህ ላይ ጋቢናውና ካሶኒው ለየብቻቸው በሻንሲው ላይ በብሎን ይታሰራሉ። መንገዱ ሲያጎብጥ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ሁለቱ አካላትም በየፊናቸው ይንቀሳቀሳሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይጎተቱም። መልኩ ግን የተቆራረጠ ነው። ባንት ያደረገው ይህን ክፍተት ማስወገድ ነው። የ1934ቱን የፎርድ ቪ-8 የቤት መኪና ፊት፣ በርና የብረት ጣሪያ እንዳለ ወስዶ የጎኑን ላሜራ ከበሩ ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ በአንድ ወጥ መስመር አስኬደው፤ ካሶኒውም የአካሉ ክፍል ሆነ። እንዲህ ሲሆን የመጠማዘዙ ኃይል ሁሉ ከበሩ ኋላ ጋቢናው ዝቅ ብሎ ከካሶኒው በሚገናኝበት ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል። እንዲህ ያለ መኪና የጠገነ ሰው ሁሉ ስንጥቅ ፍለጋ አስቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ቦታ ነው። የዘመኑ የፎርድ ሻንሲ መሐሉ ላይ መስቀለኛ ማጠናከሪያ ያለው መሆኑ ለባንት ትልቅ ድጋፍ ሆኖታል።

መኪናው 545 ኪሎ ግራም ያህል መጫን ይችል ነበር። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርዝመት 2 ሜትር ከ84 ሳንቲ ሜትር፣ ሞተሩም 3.6 ሊትርና 85 የፈረስ ጉልበት ነበረ። ለሽያጭ የቀረበው በ1934 ሲሆን፣ ወዲያው ተፈላጊ ሆነ። ተፎካካሪዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ተመሳሳዩን ሠሩ። ባንት መኪናውን ይዞ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ሄንሪ ፎርድ ተመልክቶ የካንጋሮ አሳዳጅ የሚል ቅጽል ስም እንዳወጣለት ይተረካል። ይሁን እንጂ የአሜሪካው ፎርድ ራንቼሮን ያወጣው በ1957፣ ሸቭሮሌም ኤል ካሚኖን ያወጣው በ1959 ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይተው ማለት ነው። ኤል ካሚኖ ሁለት ዓመት ብቻ ተሠርቶ ከቆመ በኋላ በ1964 ከሸቭል መኪና ጋር ተዛምዶ ተመለሰ። ዛሬ አሮጌ ኤል ካሚኖ ያለው ሰው ሥራው የሚቀልለት በዚህ ዝምድና ነው፤ ከሸቭል የተፈታ የፊት ዲስክ ፍሬን ብዙ ሳያስቸግር ይገጠምለታል።

የ1934ቱ ፎርድ ባለቤት ግን እንዲህ አልታደለም። ፍሬኑ በዘይት ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ ነው፤ ፎርድ የዘይት ፍሬን የጀመረው በ1939 ነው። ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው። የጭስ ማውጫው መስመር በሲሊንደሮቹ መካከል ብሎኩን ሰንጥቆ ስለሚወጣ ሞተሩ በቶሎ ይግላል። እንግዲህ ባለቤቱ ሁለት ምርጫ አለው፤ እንደ ተሠራ መጠበቅ ወይም በኋለኛው ዘመን ዕቃ ማሻሻል። እኔ በግሌ ፍሬኑን የሚለውጠውን አልነቅፍም። መንገድ ላይ የሚውል መኪና ከቤተ መዘክር ዕቃ የተለየ ፍርድ ይሻል። የመጀመሪያውን ዕቃ መጣል ግን ለእኔ ጥፋት ነው፤ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ የሚያስከፍለው ነገር የለም።

ባንት ከአርባ ዓመት በላይ ፎርድን አገልግሎ ጡረታ ከወጣ በኋላ የወጣትነት ሥራውን አልተወም። አንድ የ1934 መኪና አግኝቶ አደሰ፤ አድሶም በጎዳና ላይ ነዳው እንጂ ሸፍኖ አላስቀመጠውም። አንድ ነዳፊ የገዛ ንድፉን በእርጅና ዘመኑ እንደ ማንኛውም ባለቤት በእጁ ፈትቶ ሲገጥም ምን ያስብ ይሆን? ከሃምሳ ዓመት በፊት በወረቀት ላይ የወሰነው እያንዳንዱ ብሎን አሁን በመፍቻው ይመልስለታል። ለማሽነሪ ነዳፊ ከዚህ የበለጠ ፈታኝ አይገኝም፤ አብዛኞቻችን ይህን ፈተና ሳንቀመጥ ነው የምንሰናበተው።

በመጋቢት ወር 1987 ስለዚሁ መኪና ለቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ሲቀረጽ ቆይቶ ያደሰውን መኪና እየነዳ ሲመለስ፣ ከጂሎንግ ብዙም ሳይርቅ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ዕድሜው 77 ነበር። ከአደጋው ተነሥቶ ስለ አሮጌ መኪና ደኅንነት የሚከራከር ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን ከዚያ ክርክር አልገባም፤ እንዲህ ባለ ግጭት የትኛው ዕቃ ምን እንዳደረገ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ የመሐንዲስ ሥራ አይደለምና።

በዚያው ዓመት የኤል ካሚኖ ምርት አከተመ፤ ራንቼሮ አስቀድሞ በ1979 ቆሞ ነበር። የባንት ዝርያ በትውልድ አገሩ ከሁለቱም በላይ ዕድሜ ሰጥቶት እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ በፎርድ ተሠራ። ዛሬ ጂሎንግን ዞሮ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ፣ የሙራቡል ወንዝን የሚያሻግረው ድልድይ በሉዊስ ባንት ስም ይጠራል።