ሆኩሳይ፡ እስከ ዕለተ ሞቱ ተማሪ የነበረው ሠዓሊ

ወጣቶች በስልክና በኮምፒውተር በሚጫወቷቸው የቪዲዮ ጌሞች ውስጥ የሚታየው ጀግናም ሆነ ጭራቅ አስቀድሞ በሠዓሊ እጅ ይወለዳል። አቋሙን፣ አለባበሱን፣ ሰይፍ ሲያነሳ ወገቡ የሚታጠፍበትን አኳኋን የሚወስነው ሠዓሊው ነው። ጃፓናውያን በዚህ ጥበብ ከገነኑ ቆይተዋል፤ ወደ ኋላ ሲቆጠርም ኮምፒውተር ሳይታሰብ የኖረ አንድ ሰው ይገኛል።

ካትሱሺካ ሆኩሳይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1760 ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ እንጨት ቀራጭ ዘንድ ገብቶ ሥራ ለመደ። በዚያን ጊዜ ሥዕል የሚታተመው በጣውላ ላይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ወረቀት ተጭኖበት ነበር። ሌሎች የሣሉትን መስመር እየተከተለ ሲቀርጽ እጁ ተገራ። በ18 ዓመቱ ገደማ የቴአትር ተዋንያንን በመሣል ስመ ጥር ወደነበረ መምህር ተሻገረ፤ በዚያም የአንድን ሰው ማንነት በፊቱና በአቋሙ መግለጥን ተማረ።

በ1814 ማንጋ የተሰኘውን መጽሐፉን የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመ። መምህር ያላገኘ ሰው እያየ እንዲለማመድበት የታሰበ ነበር። በውስጡ ትግል የገጠሙ ጎረምሶች፣ አናጺዎች፣ ወፍራሞችና ከሲታዎች፣ ነፋስ ልብሳቸውን የሚገፈትራቸው መንገደኞች፣ ወፎች፣ ነፍሳትና አጋንንት ሳይቀሩ ታጭቀዋል። ሆኩሳይ መኳንንቱን ብቻ አልመረጠም፤ የሸክም ክብደት ጀርባን እንዴት እንደሚያጎብጥ አስተውሎ የሣለ ሰው ነው። መጽሐፉ በመጨረሻ 15 ቅጽ ደረሰ። ማንጋ የሚለው ቃል ዛሬ የጃፓን ሥዕላዊ ታሪኮች መጠሪያ ሲሆን፣ ብዙ ጌሞችም መልካቸውን ከእነዚህ ታሪኮች ይቀዳሉ።

በ1815 ደግሞ ጭፈራን ለብቻው መማር ለሚሻ ሰው የእጅና የእግርን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ሥሎ አወጣ። ዛሬ ገጸ ባሕርይን በስክሪን ላይ የሚያራምዱ ባለሙያዎች የሚደክሙት በዚሁ ነው።

ዓለም የሚያውቀውን ታላቁን ማዕበል የሣለው ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ብዙዎች ማዕበሉን አይተው ያልፋሉ፤ ከሥሩ ሦስት ጀልባዎች፣ በጀልባዎቹም ላይ ተጎንብሰው የሚቀዝፉ ሰዎች አሉ።

ዝና ግን ኑሮውን አላቀናለትም። የልጅ ልጁ ዕዳ አራቆተው፤ በ1839 ቤቱ ተቃጥሎ ለዓመታት ያከማቸው ንድፍ አመድ ሆነ። እርሱም ሠዓሊ የሆነችው ልጁ ኦይ እስከ መጨረሻው አልተለየችውም። ቤት ሲቆሽሽ ከማጽዳት ይልቅ መልቀቅ ይቀናቸው ነበርና 93 ጊዜ ቤት ቀይሯል ይባላል።

ሰማንያ ካለፈው በኋላ ክፉን ለማራቅ በየማለዳው አንድ አንበሳ መሣል ጀመረ። አንዱ አንበሳ ይጨፍራል፣ ሌላው ይሸሻል። በ1849፣ በ88 ዓመቱ አረፈ። በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ጥቂት ዓመታት እንዲጨመሩለት ይመኝ እንደነበር፣ ምክንያቱም ሥዕልን ገና በወጉ ስላልቻለ እንደሆነ ይነገራል።